ከፍላሹ በቀር ሌላውን ዲስክ ሁሉ ንቀል

ወንድሜ፣ «የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላበቃ በአሮጌው ላፕቶፔ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ሥርዓት ልጭን ብዬ የመጫኛውን አይኤስኦ ፋይል ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት፤ ላፕቶፑ ግን ከፍላሹ አልነሳ አለኝ» ብለሃል። እኔም እዚሁ ሐዋሳ በዚህ መንገድ አልፌአለሁ፤ የከፈልኩትን አንተ እንዳትከፍል ልንገርህ።

1. ፋይሉን እንዳለ መገልበጥ ፋይዳ የለውም። አይኤስኦ የአንድ ሙሉ ዲስክ ቅጂ ስለሆነ ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ መዘርጋት አለበት። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃሃል። ሩፈስ በአይኤስኦ ወይስ በዲዲ ስልት ልጻፈው ብሎ ሲጠይቅህ የመጀመሪያውን ምረጥ፤ ካልነሳልህ በሁለተኛው ድገመው።

2. ከመጀመርህ በፊት ከፍላሹ በቀር ከውጭ የተሰካውን ዲስክ ሁሉ ንቀል። አደራ!

ሥራዬ የሠርግ ፎቶ ማንሳት ነው። የዚያን ቀን ባለ 16 ጊጋ ፍላሼን ብሰካው ሩፈስ አላየው አለ። ለካ የኮምፒውተሩ የፊት መሰኪያ ሞቶ ኖሯል። ሩፈስ ውጫዊ ሃርድ ዲስኮችን ሆን ብሎ ከዝርዝሩ ይደብቃል፤ እኔ ግን ቸኩዬ እነሱንም እንዲያሳይ የሚያደርገውን ምርጫ አበራሁት። ወዲያው አንድ ስም ብቅ አለ። ፍላሼ ነው ብዬ መጠኑን ሳላይ ያዘዝኩት ያ ስም፣ አሞራ ገደል መናፈሻ ያነሳኋቸው የሁለት ሙሽሮች ፎቶ ያለበት ባለ 1 ቴራ ዲስክ ነበር። «በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል» የሚለውን ማስጠንቀቂያም አይቼ አልፌዋለሁ።

ያን ጊዜም ቢሆን ሁሉም አልጠፋም ነበር። የተጻፈበት ጥቂት ጊጋ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ነገር ካልተጨመረበት ከቀረው ብዙውን ማውጣት ይቻላል። ይህን ስላላወቅኩ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሮጥኩ። 3,500 ብር ቅድሚያ ተቀብለው ሁለት ሳምንት አመላለሱኝ። በመጨረሻ ዲስኩን ስከፍተው በፊልም ሞልተውታል! «መሥራቱን ለመፈተሽ ነው» አለኝ ልጁ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ። ብሩንም አልመለሱልኝም። ፎቶዎቼን የቀበሯቸው እነሱ ናቸው፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለሙሽሮቹ ልብስ ተከራይቼ በራሴ ወጪ እንደገና አነሳኋቸው። የሙሽራዋ እናት እያለቀሱ ሲመርቁ ያነሳሁትን ግን ከየት አመጣዋለሁ?

ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ ተማርኩት። ለጎረቤትና ለዘመድ ከ20 በላይ ኮምፒውተሮች ላይ በራሴ እጅ ጭኜአለሁ፤ የአንዱም ፋይል አልጠፋም።

አንተም ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ፋይልህን አስቀድመህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ፍላሹ ተጽፎ ሲያልቅ ላፕቶፑን ስታበራ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9ን፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 12ን ደጋግመህ ተጫንና ፍላሹን ምረጥ። ሩፈስ ላይ «ጀምር» ከማለትህ በፊት ግን የዲስኩ ስምና መጠን የሚታይበትን ገጽ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ። ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ፤ እስከዚያ አትንካው።