ለዛንዚባር ጠያቂዋ፦ መጀመሪያ የባህሩን ሰዓት እወቂ

እህቴ፣ «ከጥምቀት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ለ6 ቀን ዛንዚባር ልንሄድ ነው፤ አሸዋ ላይ መጋደም ብቻ አንፈልግም፣ ዋናም አንችልም፣ ተፈጥሮውን የት የት እንይ?» ያልሽውን አየሁት። እኔና ባለቤቴ ካቻምና በዚያው ሰሞን ሄደናል። ጥምቀትን እዚሁ ጎንደር አክብረን በአራተኛው ቀን ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሳን። ወሩን እንዳትቀይሪው። በጥር ደረቅና ሞቃት ነው፤ ዋናው ዝናብ የሚመጣው ከመጋቢት ጀምሮ ነው።

ከቦታዎቹ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሳላውቀው ሄጄ ስለተቀጣሁበት። ባህሩ ባለበት አይቀመጥም። ጣናን ጠዋት ያየሽበት ቦታ ማታም ታገኚዋለሽ። እዚያ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ከሞላበት እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ይብስበታል። ስለዚህ «ሰኞ እዚህ፣ ማክሰኞ እዚያ» ብላችሁ ከጎንደር አትወስኑ። ያረፋችሁበት ቤት ማታ ማታ የነገውን የውሃ ሰዓት ጠይቁ፣ ከዚያ ፕሮግራም አውጡ።

የእኔ ጉድ ፓጄ ላይ ነው፣ በምሥራቁ ዳርቻ። ጠዋት መስኮት ስከፍት ባህሩ የለም! እስከ ሩቅ ድረስ ነጭ አሸዋ፣ ኩሬ ኩሬ የሠራ ውሃ፣ መሃሉ ላይ ጎንበስ ብለው የሚሠሩ ሴቶች። የባህር አረም ነው የሚያለሙት፤ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ አረሙን እገመዱ ላይ እያሰሩ ያሳድጉታል። እንደ እርሻ ማለት ነው፣ ግን ውሃው ሲሸሽ ብቻ የሚደረስበት እርሻ። ደስ ብሎኝ በባዶ እግሬ እየሄድኩ እየሄድኩ፣ ማዕበሉ የሚሰበርበት ድንጋይ ጋ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ አንዷ ሴትዮ በእጇ ወደ ኋላ እያሳየች ጮኸችብኝ። ዞር ስል የመጣሁበት አሸዋ ውሃ ሆኗል። ከኋላሽ ነው የሚሞላው እኮ! እስከ ጭኔ እየረጠብኩ፣ ልቤ እየመታ ስመለስ የባህር ጃርት ረገጥኩ። ጥቁር መርፌ የመሰለ እሾህ ነው፣ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። የሠፈሩ ልጆች የጥሬ ፓፓያ ወተት ቀቡኝ፣ እነሱ እንደዚያ ነው የሚያክሙት። ሁለት ቀን አነከስኩ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ዋና ለማይችል ሰው ግን ፓጄ አንደኛ ነው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳን። ልክ መሸሽ ሲጀምር ግቢ፣ መመለስ ሳይጀምር ውጪ። በቃ።

ወደ ፓጄ ስትሄጂ መንገድ ላይ ጆዛኒ ጫካን ታገኛላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እንዳታልፉት። ጭላዳን ስሜን ላይ ያየ የጎንደር ሰው ዝንጀሮ አይገርመውም ትይ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። እነዚህ ግን የእኛን ጉሬዛ የሚመስሉ ሆነው ጀርባቸው ቀይ፣ ፀጉራቸው ብን ያለ ነው፣ ከዛንዚባር ውጪም በዱር የሉም። ከሰል ይበላሉ! የሚበሉት ቅጠል መርዝ ስላለበት ማርከሻ ነው ይላሉ። አጠገብሽ ቢመጡም አትንኪ፣ ምግብም አትስጪ። እዚያው በእንጨት ድልድይ የሚሄዱበት የማንግሮቭ ደን አለ፣ ጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። ውሃው ጎድሎ ሲሆን ሥሮቹ ከጭቃው ወጥተው፣ ሸርጣኖች ሲሯሯጡ ታያላችሁ፤ ሞልቶ ሲሆን ደግሞ ዛፉ ባህር ላይ የቆመ ይመስላል። እኛ በጉድለቱ ነው የደረስነው፣ አልቆጨንም።

ከስቶን ታውን፣ ከአሮጌው ከተማ ማለት ነው፣ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቻንጉ ደሴት አለች። ትልልቆቹ ኤሊዎች ዘራቸው ከሲሸልስ እ.ኤ.አ. በ1919 በስጦታ የመጣ ነው፣ ዛሬ ብዙ ሆነዋል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ናኩፔንዳ ወደሚሏት የአሸዋ ጉብታ ይወስዷችኋል። በስዋሂሊ «እወድሃለሁ» ማለት ነው። ለባልና ሚስት ጥሩ ስም ነው፣ ግን ውሃው ሲሞላ ጉብታዋ ትጠፋለች፣ ስለዚህ እዚህም ሰዓት ጠይቁ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ካልሰጧችሁ ጀልባው ላይ አትውጡ።

የቅመም እርሻውን እኔ ለቱሪስት የተሠራ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ባለቤቴ ናት የጎተተችኝ። ቅዳሜ ገበያ ደርቆ የምንገዛው ቅርንፉድ ለካ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው! ዛፉ ላይ አረንጓዴና ቀላ ያለ ነው። እርድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሁሉንም ከሥሩ ታያላችሁ።

ደቡብ ጫፍ ባለችው መንደር በኪዚምካዚ ዶልፊን እናሳያችሁ ቢሏችሁ እኔ አልመክርም። ብዙ ጀልባ አንዱን እንስሳ ሲያሳድድ ማየት ደስ አይልም። በሰሜን ጫፍ ያለችው ኑንግዊ ለፀሐይ መጥለቂያ ትበቃለች፤ እዚያ ውሃው እንደ ምሥራቁ ብዙ አይርቅም።

ስለ ጾም አትጨነቂ፣ ባቄላ በኮኮናት ወተት ከሩዝ ጋር የትም አለ። ከተማ ውስጥ ግን ሙስሊሙ ይበዛልና ትከሻሽን ሸፈን አድርጊ፣ ነጠላሽ ይበቃል። ባጃጁንም «ባጃጂ» ነው የሚሉት፤ መንገዱ ግን በግራ ስለሆነ ስትሻገሪ ተጠንቀቂ። ሰዓታቸው ደግሞ እንደኛ ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብለው ይቆጥራሉ። የጀልባው ሰውዬ «ሳ ታቱ» (ሦስት ሰዓት) ሲለን እኛ በ3 ሰዓት ዳርቻው ላይ ነበርን፤ አብረውን የሚሄዱት ፈረንጆች ከሰዓት በኋላ መስሏቸው ቀሩ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከኢትዮጵያ የሚሄድን ሰው ይጠይቃሉ። የዛንዚባር የጉዞ መድንም ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግዴታ ሆኗል፣ ለአንድ ሰው 44 ዶላር፣ በኢንተርኔት ይከፈላል።

ጫማ ደግሞ ውሃ ገብቶበት የሚወጣ የጎማ ጫማ ያዙ። ኮንጎ ጫማም ይሆናል፣ አልቀለድኩም። ቁጥርሽ 38 ከሆነ የባለቤቴ አለ፣ በውስጥ ጻፊልኝና ፒያሳ ላይ አቀብልሻለሁ።