ለጥርስ ማቅኛው የተጠየቀው 5,600 ዶላር የምን ዋጋ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ከልጅነቴ ጀምሮ የተደራረቡ ናቸው፤ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ደግሞ የባሰባቸው መሰለኝ። በቅርቡ ያየኝ ሐኪም በሽቦ ከሆነ 5,200 ዶላር፣ በማይታየው ፕላስቲክ ከሆነ 5,600 ዶላር እንደሚያስከፍለኝ ነገረኝ። የመሥሪያ ቤቴ የጥርስ ኢንሹራንስ ለአዋቂ ሰው ጥርስ ማቅናት አይከፍልም። ባለቤቴ ለቁንጅና ይህን ያህል ገንዘብ አይወጣም ይላል፤ እህቴ በኢንተርኔት ታዝዞ በፖስታ የሚላክ ርካሽ እንዳለ ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ ለጥምቀት በሦስት ሳምንት ፈቃድ አዲስ አበባ ስለምሄድ እዚያ ባሠራውስ እያልኩ አስባለሁ። አንድ ሌላም ነገር አለ። ሐኪሙ በኮምፒውተር ባሳየኝ የወደፊት ጥርሴ ላይ የላይኛው ፍንጭቴ ተዘግቷል። ፍንጭቴን እወደዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የተነገረዎት ዋጋ በአሜሪካ ከተለመደው የወጣ አይደለም። ለሙሉ ሕክምና በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 8,000 ዶላር ይጠየቃል፤ የሽቦውም ዋጋ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ውድ ነው ወይስ ተመጣጣኝ ነው የሚለውን ለመመዘን ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሚከፈል ማወቅ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ወደ እኔ የሚመጡት ብዙዎቹ ሰዎች የሚገዙት ፕላስቲኩን ይመስላቸዋል።

አላይነር የሚባለው ይህ ግልጽ ሽፋን በሙቀት ለስልሶ በጥርስዎ ቅርጽ ልክ የሚሠራ ስስ ፕላስቲክ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይደረግና በሚቀጥለው ይተካል፤ በአንዱ ጥንድ አንድ ጥርስ የሚሄደው ሩብ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥርሱ በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ በቀስ እየተበላ ቦታ ይለቃል፣ ጥርሱ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ሥራው ወራት የሚፈጀውም ይህ የአጥንት መፍረስና መገንባት ስለማይጣደፍ ነው። በየትኛው ሳምንት የትኛው ጥርስ፣ በየት አቅጣጫ፣ ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስነው፣ ጥርሱ አልታዘዝ ሲልም ዕቅዱን የሚለውጠው ሐኪሙ ነው፤ የክፍያው ትልቁ ድርሻ የሚሄደውም ለዚህ ነው። አምራቹ ፋብሪካ ራሱ ለአንድ ሙሉ ሕክምና ከሐኪሙ ከሺህ ዶላር በላይ ሊቀበል ስለሚችል፣ የሚከፍሉት ሁሉ የሐኪሙ ትርፍ ነው ብለውም አይውሰዱት።

ኢንቪዛላይን የሚለው ስም የሕክምናው ሁሉ መጠሪያ እስኪመስል የታወቀው ቀድሞ በመምጣቱ ነው። አምራቹ ኩባንያ በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ተመሥርቶ በ1998 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አገኘ። ከ2017 ጀምሮ ዋና ዋና የፈጠራ መብቶቹ ጊዜያቸው ሲያልፍ ሌሎች አምራቾችም በሰፊው ገቡበት። ስለዚህ ሐኪምዎ የሌላ ድርጅት ምርት ቢያቀርቡልዎ አይደንግጡ፤ በእኔ ልምድ የውጤቱ ልዩነት ከፋብሪካው ይልቅ ከዕቅድ አውጪው ይመጣል።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር ግማሽ ያህሉን ትክክል ናቸው። የታችኛው የፊት ጥርስ መጠነኛ መደራረብ በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥርም ሽቦ ኖሯቸው በማያውቁ ሰዎች ላይ ሳይቀር እየጨመረ የሚሄድ የተፈጥሮ ለውጥ ነው። የተደራረበ ጥርስ ለማጽዳት ይከብዳል፤ ነገር ግን ጥርስን ማቅናት በራሱ ከመቦርቦር ወይም ከድድ በሽታ ያድናል ብሎ የሚሸጥልዎት ሰው ካለ ከሚታወቀው አልፎ እየተናገረ ነው። የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ጀርባ እየገባ እርስ በርስ የሚሞራረድ፣ የታችኛው ላንቃን የሚወጋ ወይም የላይኛው በጣም ወጥቶ በቀላሉ ለመሰበር የተጋለጠ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የጤና ነው እል ነበር። ለውበት ብሎ መክፈል ግን ነውር የለውም፤ ሰው ለሠርግ ቪዲዮ ስንት ያወጣል። ዋጋው ለእርስዎ ደስታ የሚገባ መሆኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ከወሊድ በኋላ ባሰባቸው ያሉትን ግን አልፈው አይሂዱ። በእርግዝና ጊዜ ድድ ይቆጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥርስ ለጊዜው ይላላል። ከዚያ ወዲህ የቀጠለ የድድ መድማት ወይም የጥርስ መነቃነቅ ካለ መጀመሪያ የሚታከመው ድዱ ነው፤ በታመመ ድድ ውስጥ ያለን ጥርስ መግፋት የአጥንቱን መመናመን ያፋጥንና ጥርሱን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ራጅ ሳይነሳ፣ ድድም ሳይለካ የሚጀመር ማቅናት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ይህም ወደ እህትዎ ሐሳብ ይወስደናል። ቅርጹን በቤትዎ ራስዎ አንስተው በፖስታ የሚልኩበት አሠራር ርካሽ የሆነው ምርመራውንና ክትትሉን ስለቀነሰ ነው። በዚህ ንግድ ስሙ ከሁሉ ገኖ የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ በመስከረም 2023 መክሰሩን አሳውቆ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሥራውን አቆመ። ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ደንበኞች ሜዳ ላይ ቀሩ፤ በየወሩ የሚከፍሉት ደግሞ ክፍያቸውን እንዲቀጥሉ ተነገራቸው። የእነዚህን ሰዎች ግማሽ መንገድ የሄደ ጥርስ ለማቃናት አዲስ ሐኪም የሚጠይቀው ዋጋ የመጀመሪያውን ቅናሽ ይበላዋል።

አዲስ አበባን የምቃወመው የባለሙያ እጥረት አለ ብዬ አይደለም። ሐኪሙ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ሊያይዎት ይገባል፣ እርስዎ ደግሞ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ነው ያለዎት። እዚያ የተጀመረውን ዕቅድ እዚህ የሚረከብ ሐኪም ማግኘት ቀላል አይሆንም፤ ቢገኝም በአብዛኛው ከሀ ይጀምርና እንደ አዲስ ያስከፍላል።

በሽቦውና በፕላስቲኩ መካከል ያለው የ400 ዶላር ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ምርጫው በጠባይዎ ላይ ይመሥረት። ሽቦ ተጣብቆ ይኖራል፤ አላይነር ግን በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ካልተደረገ አይሠራም፤ ሲበሉም ሆነ ከውኃ በቀር ሌላ ሲጠጡ ማውለቅ ያስፈልጋል። ትኩስ መጠጥ ፕላስቲኩን ያጣምማል፣ ቡና ያጠቁረዋል፣ ስኳር ያለው ሻይ ደግሞ ከሽፋኑ ሥር ታፍኖ ጥርስን ይቦረቡራል። አሁን ያስቡት፦ ቅዳሜ ከሰዓት ቡናው ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ በቆሎና በጨዋታ ሲጠጣ የቀኑ የማውለቂያ ጊዜ በአንድ ቁጭታ አለቀ ማለት ነው። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ታካሚዎቼ በዚህ በኩል ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላሉ። የማይተዉት የቡና ፍቅር ካለብዎትና ከጠጡም በኋላ ተቦርሸው ወዲያው የሚመልሱት ካልሆኑ፣ ሽቦውን ይምረጡ።

አላይነር ደግሞ ሁሉንም እንቅስቃሴ እኩል አይችልም። የተጋደመ ጥርስን ማቃናት ይቀለዋል፤ ክብ የሆነውን ክራንቻ ማዞርና ጥርስን ከድድ ወደ ውጭ መሳብ ይከብደዋል። በ2009 የታተመ ጥናት በኮምፒውተር ከታቀደው እንቅስቃሴ በአማካይ 41 በመቶው በአፍ ውስጥ እንደተፈጸመ ሲያሳይ፣ በ2020 የወጣ ተከታይ ጥናት ቁጥሩን ወደ 50 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ስለዚህም ከመጀመሪያዎቹ ጥንዶች በኋላ ጥርስ እንደገና ተለክቶ ተጨማሪ አላይነሮች መሠራታቸው የተለመደ ነው። ከመፈረምዎ በፊት እነዚህ ተጨማሪዎች በ5,600ው ውስጥ ይካተቱ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜስ እንደሚሠሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። የቀናውን ጥርስ በቦታው ይዞ የሚያቆየውን የሪቴይነርን ነገርም አይርሱ፤ የቀና ጥርስ ማታ ማታ ሪቴይነር ካልተደረገበት ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል፣ ይህም የአንድና የሁለት ዓመት ሳይሆን የዕድሜ ልክ ጉዳይ ስለሆነ በተሰበረና ባረጀ ቁጥር ለምትኩ ወጪ አለበት።

ዋጋውን ስለመቀነስ ደግሞ፣ የእርስዎ ችግር የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ብቻ ከሆነ በጥቂት ጥንዶች የሚያልቅ አጭር ሕክምና እንደሚበቃዎ ይጠይቁ፤ ዋጋው ከሙሉው በግልጽ ያንሳል። መሥሪያ ቤትዎ ኤፍ ኤስ ኤ የሚባለው ከግብር ነፃ የጤና ቁጠባ ካለው ተጠቀሙበት። በ2025 በዚህ መንገድ እስከ 3,300 ዶላር ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ በ12 በመቶ የገቢ ግብር መደብ ላይ ያለ ሰው ከደመወዙ የሚቆረጠው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶ ሲታከልበት ከዚህ ብቻ ወደ 650 ዶላር ይተርፈዋል፣ ክፍያው በሁለት ዓመት ከተከፈለም ጥቅሙ ይደገማል። ከሁሉ በላይ ግን ለእርስዎ ቅርብ የሆኑት በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲና በባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ናቸው። የጥርስ ሕክምና ዲግሪያቸውን ጨርሰው በጥርስ ማቅናት ልዩ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች በመምህራን ቁጥጥር ሥር ይሠራሉ፤ ቀጠሮው ይረዝማል፣ ክፍያው ግን ከግል ክሊኒክ ዝቅ ይላል።

ፍንጭትዎንስ? ኮምፒውተሩ ክፍተትን ሁሉ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ይዘጋል፤ በእኛ አገር ፍንጭት የሚሞገስ ውበት መሆኑን ማን ይንገረው። ዕቅዱ ሊታረም ስለሚችል «ይህ ክፍተት ይቆይልኝ» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ አገጣጠም ከፈቀደ፣ ይህ ለሐኪሙም ቀላል ነው፤ የተዘጋ ፍንጭት ተመልሶ ለመከፈት ከሚቸኩሉት ነገሮች አንዱ ነውና ከጥርሱ ጀርባ ቀጭን ሽቦ በቋሚነት ካልተጣበቀበት አይጸናም። ለታችኞቹ ጥርሶች የሚያስፈልገው ቦታ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ በመሞረድ ሊገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ያደግሁት በስምጥ ሸለቆ፣ ዝዋይ አካባቢ ስለሆነ ጥርሴ ቡናማ ነው፤ የተጣመመም ነው። አላይነር ሁለቱንም ያስተካክልልኛል? ወይስ በፊት ለፊት ጥርሴ ላይ ስስ ሽፋን አስለጥፌ በአንድ ጊዜ ልገላገል?

መልስ፦ ቀለሙን አይነካውም። ቡናማው ጥርስዎ በልጅነት፣ ቋሚ ጥርሶች በሚሠሩበት ዕድሜ ከውኃው ከገባ ብዙ ፍሎራይድ የመጣ ስለሆነ በጥርሱ ጠንካራ የላይ ንብርብር፣ በኢናሜሉ ውስጥ ያለ ነው። በተጨማሪም አላይነር ጥርሱን ጨብጦ እንዲያዞር በጥርስ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን እብጠቶች እንዲህ ባለ ኢናሜል ላይ ቶሎ ሊላቀቁ ስለሚችሉ፣ ሐኪምዎ የአለጣጠፉን ዘዴ እንዲያስተካክሉ የት እንዳደጉ አስቀድመው ይንገሯቸው። ቅደም ተከተሉን ከጠየቁኝ፣ መጀመሪያ ይቅና፣ ከዚያ ቀለሙ ይታከም። የተጣመመን ጥርስ በሽፋን ቀጥ ያለ ለማስመሰል ከጤነኛው ኢናሜል ብዙ መሞረድ ያስፈልጋል፣ የተሞረደውም አይመለስም፤ ጥርሱ ቀድሞ ከቀና ግን የሚሞረደው በጣም ያንሳል፣ አንዳንድ ጊዜም ላዩን በስሱ በማጽዳት ብቻ የሚበቃበት ሁኔታ አለ።