ዊንዶውሱን ሳትነኪ ሊኑክስን ጨምሪበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ላፕቶፕሽ 6ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ብሎሻል። ሜክሲኮ አካባቢ ባለው ቢሮሽ የአማርኛ ደብዳቤ ትጽፊበታለሽ፣ ሂሳብም በፒችትሪ ትይዢበታለሽ። ሁሉን አጥፍቼ ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳውን ነጻ ሲስተም፣ ላስጭን ወይ ነው ያልሽው። እኔ አራት ኪሎ ባለ የጽሑፍና የኅትመት ቤት ውስጥ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ለዓመታት ስሠራበት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ሊኑክሱን አስጭኚ፤ ዊንዶውሱን ግን እንዳታስነኪው። ሁለቱም እዚያው ላፕቶፕ ላይ ይኖራሉ፣ ስታስነሺው አንዱን መርጠሽ ትገቢያለሽ።

መጀመሪያ፣ ላፕቶፕሽ አልተበላሸም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው በይፋ የሚቀበለው። ስለዚህ «ሽጪውና አዲስ ግዢ» የሚሉሽን አትስሚ። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ አፕዴት ያገኛል፣ 4 ጊጋ ራምም ይበቃዋል። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ዓይነት ምረጪ። ሃርድ ዲስክሽ የድሮው የሚሽከረከረው ከሆነ ግን፣ ያለሽን ብር መጀመሪያ ኤስኤስዲ በሚባለው የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ላይ አውዪው። ከዚያ የበለጠ ልዩነት የሚያመጣ ነገር የለም።

ፒችትሪን በተመለከተ ቁርጡን ልንገርሽ። የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ዋይን በሚባለው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው መሣሪያ በኩል ይነሳል የሚሉ ሰዎች አይጠፉም፤ የድርጅት ሂሳብ ግን በ«ይነሳል» አይያዝም። በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ሚንት ውስጥ ሌላ ዊንዶውስ ከፍተሽ፣ እንዳትሞክሪው ደግሞ 4 ጊጋ ራም ለሁለት ሲስተም አይበቃም። ስለዚህ ፒችትሪ በዊንዶውሱ ይቀጥል። በተቻለሽ መጠን ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት አርቂውና ለሂሳብ ብቻ ክፈቺው። ብሮውዘሩን፣ ኢሜይሉን፣ ደብዳቤውን ወደ ሚንት አዙሪ።

አማርኛ ይጻፋል ወይ ላልሽው፣ በደንብ ይጻፋል። አይባስ የሚባለው የኪቦርድ መቀየሪያ ላይ ኤም17ኤን የተባለውን ጥቅል ስትጨምሪ የአማርኛ ኪቦርድ ታገኛለሽ። የሚጻፈው የፊደሉን ድምፅ በላቲን ፊደል በመምታት ነው። ኪይማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራምም ለሊኑክስ የተሠራ አለው። ዊንዶውስ ላይ በፓወር ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ የለመደ ጣት መጀመሪያ ላይ ይደናገራል፣ በተለይ ሠ እና ኀ ላይ፤ ቶሎ ይለመዳል ግን።

የሚያስቸግረው አዲሱ ደብዳቤ ሳይሆን የድሮው ነው። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቢሮዎቻችን ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ በድሮዎቹ ፎንቶች ነው የጻፉት። ያንን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቺው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ብቻ ይወጣል። ዊንዶውስም ቢሆን ያው ነው። የምትፈልጊያቸውን የድሮ ደብዳቤዎች ፎንቱ ባለበት በዊንዶውሱ ከፍተሽ አንድ በአንድ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሪያቸው። አዲሶቹን ሚንት ላይ እንደ ዎርድ በሚያገለግለው በሊብሬ ኦፊስ ጻፊ። ለሌላ መሥሪያ ቤት የምትልኪውንም በፒዲኤፍ ላኪ፣ ምክንያቱም የዎርድ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ሠንጠረዡና ራስጌው ሊዛነፍ ይችላል።

እኔን ከምንም በላይ ሚንት ላይ ያቆየኝ ግን የፍላሽ ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ይመጣል። ፍላሹ ሌላ ቦታ ሲሰካ ፎልደሩ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለበት ሾርትከት ሆኖበታል። ፋይሌ ጠፋ ብሎ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፋይሉ ግን እዚያው አለ፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ሚንት ላይ ስሰካው የተደበቀው ፎልደር ፊት ለፊት ይታያል። አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ታጭቆ አገኘዋለሁ። ገልብጬ አወጣለታለሁ፣ ሾርትከቶቹን አጠፋለሁ። ቫይረሱ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ የእኔን ማሽን አይነካም። በየኮፒ ቤቱ ፍላሽ ለምትሰኪ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከማስጫንሽ በፊት የፒችትሪውን ባክአፕ ወደ ሌላ ዲስክ አውጪ። ይህን ሳታደርጊ ማንም ላፕቶፑን እንዳይነካብሽ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በርቶ ከሆነም የመክፈቻ ቁልፉን ጽፈሽ ያዢ። ቀጥሎ ሚንትን 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አስጭነሽ ከፍላሹ ብቻ አስነሺው። ዲስክሽን ሳይነካ ይሠራል። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ መሥራቱን በዚያው አረጋግጪ። አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ያስቸግራሉ፤ ያኔ ስልክሽን በዩኤስቢ ሰክተሽ ዳታ አጋሪውና ድራይቨሩን አውርጂ። ዳታ ካነሳን አይቀር፣ ሚንት አፕዴት መጣ ብሎ ይነግርሻል እንጂ ሳያስፈቅድሽ ጭኖ ጥቅልሽን አይጨርስም።

ለሚንት የሚሆነውን ቦታ ከዊንዶውሱ ራሱ ቀንሺለት። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውንም አጥፊ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሚንት ላይ ሆነሽ የዊንዶውሱን ፋይል ማየት እንጂ ማስተካከል ላትችዪ ትችያለሽ። ስትጭኚ ባትሪው ይሙላ፣ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ እንዳትደነግጪ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ላይ ስትመለሺ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ልታገኚው ትችያለሽ። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚሞላው፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ሚንት ላይ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል።

የላፕቶፕሽን ሙሉ ሞዴልና የዋይፋይ ካርዱን ስም እዚሁ ጻፊልኝ፤ ትእዛዙን ከነአጠቃቀሙ አስቀምጥልሻለሁ።