ይህ ስዊች ምን ያደርጋል? የሲሙሌተር ኮክፒት ጥያቄና መልስ

ሲሙሌተር ላይ አውሮፕላን ማብረር የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይጠይቃል። መመሪያው ስለ ስዊቹ ምንም አይልም። ማውሱን ሲያስጠጉበትም ከስሙ ሌላ የሚነግር የለም። እኔ ለዓመታት ማታ ማታ እነዚህን ስዊቾች አንድ በአንድ ስፈትሽ ኖሬያለሁ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ልመልስ።

ትንሿ ሴስና 172 አውሮፕላን ላይ «ኤ ኤል ቲ» የሚል ቀይ ስዊች አለ። የከፍታ መስሎኝ አጠፋሁት። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮውም ስክሪኑም ጠፋ። ምን ነካሁ?

አልተርኔተሩን ነው ያጠፋኸው፤ በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን። ቀዩ ማስተር ስዊች ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ የባትሪ፣ ግማሹ የአልተርኔተር። አልተርኔተሩ ሲጠፋ ባትሪው ብቻውን ሁሉን ተሸክሞ ቆየና አለቀ። ሞተሩ አለመጥፋቱን ልብ ብለሃል? ማግኔቶዎቹ ብልጭታውን ራሳቸው ስለሚያመነጩ ባትሪ አይፈልጉም።

እነዚያው ሦስት ፊደላት ትራንስፖንደሩ (ለራዳር ምላሽ የሚሰጠው መሣሪያ) ላይ ሲጻፉ በእርግጥም ከፍታ ማለት ናቸው። የአየር ግፊት መቀበያው ላይ ሲጻፉ ደግሞ «አማራጭ» ማለት ናቸው። አንድ ኮክፒት ውስጥ ሦስት ትርጉም! ስለዚህ ምህጻረ ቃሉን ለብቻው አታንብበው። አጠገቡ ያሉትን ስዊቾች እይ፤ የማን ሰፈር እንደሆነ እነሱ ይነግሩሃል።

ቦይንግ 737-800 ላይ ክዳን ያላቸው ስዊቾች አሉ። ማንሳት እፈራለሁ።

መሬት ላይ ቆመሽ ከሆነ አትፍሪ፣ አንሺው። የ737 ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ስዊቹን ለተለመደ በረራ በሚፈለግበት ቦታ መያዝ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ባትሪው «ኦን» ላይ ነው። የድንገተኛ መውጫ መብራቶቹ «አርምድ» ላይ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በራሳቸው ይበራሉ። የአማራጭ ፍላፕ (የክንፉ ተዘርጊ ክፍል) ስዊቹ ግን ክዳኑ ሲዘጋ «ኦፍ» ነው። ከመነሳትሽ በፊት ቀና ብለሽ እዪ። የተከፈተ ክዳን ካለ ምክንያቱን ሳታውቂ አትነሺ።

አንዱን ግን አየር ላይ እንዳትነኪው፦ ጄኔሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ድራይቭ የሚያላቅቀውን። አንዴ ከተላቀቀ በረራ ላይ አይመለስም። መልሶ የሚገጥመው መሬት ላይ ያለ መካኒክ ነው።

737 ላይ ሁለቱን የአይ አር ኤስ (የአውሮፕላኑን ቦታና አቅጣጫ የሚያሰላው መሣሪያ) ማዞሪያዎች «ናቭ» ላይ አደረግኩ። ስክሪኑ ግን አሁንም ባዶ ነው። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም፣ ታገሠው። ይህን መሣሪያ በጣም ነው የምወደው። ውስጡ ያሉት ጋይሮዎች የምድርን መዞር እየለኩ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው በዚያ ሰዓት አውሮፕላኑን ማንቀሳቀስ የሌለብህ። ወደ ዋልታዎቹ ስትቀርብ የሚለኩት ምልክት እየደከመ ስለሚሄድ ጊዜው ይረዝማል። ከምድር ወገብ አቅራቢያ 5 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ሩቅ ሰሜን ላይ እስከ 17 ደቂቃ ይፈጃል። ቦሌ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ስትነሳ ዕድለኛ ነህ። ግን ያለህበትን ቦታ ኤፍ ኤም ሲው (የበረራ ኮምፒውተሩ) ላይ አስገባ። «አላይን» የሚለው ነጭ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ያንን ረስተሃል ማለት ነው።

«ግራውንድ ኮል»ን ብጫነው ብጫነው ምንም የለም።

የሚጮኸው ውጭ ነው፣ የፊት ጎማው ማስገቢያ ውስጥ። ጥሪው ለመሬት ሠራተኛው ነው። ካሜራውን ወደ ውጭ አውጣና ተጫነው፤ የአውሮፕላኑ ሠሪ ድምፁን ካስገባው ትሰማዋለህ።

አንድ ስዊች በእርግጥ ይሠራል ወይስ ለጌጥ የተቀመጠ ነው? እንዴት ልለይ?

መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ስጠው። ባትሪ ብቻ ሳይሆን የመሬት ኃይልም አገናኝ፤ ያለ ኃይል የሞተ የሚመስል ስዊች ብዙ ነው። ከዚያ አንድ ስዊች ብቻ ንካና አሥር ሰከንድ ጠብቅ። መብራቶቹን እይ፣ የአምፔር መርፌውን እይ፣ የማራገቢያውን ድምፅ አዳምጥ። ወደነበረበት መልሰህ ያየኸውን ጻፍ። ሁለት ስዊች በአንድ ጊዜ ከነካህ የትኛው ምን እንዳደረገ አታውቅም። መሬት ላይ ብቻ የሚሠሩም አሉ፤ የ737 የስቶል (ክንፉ የማንሳት አቅሙን የሚያጣበት ሁኔታ) ማስጠንቀቂያ መፈተሻ አየር ላይ ዝም ነው።

ይህም ካልበቃህ ወደ ኮዱ ግባ። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ላይ የዴቨሎፐር ሞድን ክፈትና «ቢሄቪየርስ» የሚለውን መስኮት አውጣ። ማውሱን ስዊቹ ላይ አድርገህ «ኮንትሮል»ንና «ጂ»ን ስትጫን ከጀርባው የተጻፈው ይታያል። ኤክስ-ፕሌን ላይ ዳታሬፍቱል የሚባል ነፃ ፕለጊን የትኛው ቁጥር እንደተቀየረ ያሳይሃል። በነፃ የሚገኘው ፍላይትጊር ላይ «ኮንትሮል»ና «ሲ» የሚነኩትን ቦታዎች ለይቶ ያሳያል። ከጀርባው ምንም ከሌለ ጌጥ ነው፤ ተወውና እለፍ።

ኤርባስ ኤ320 ላይ «ዲችንግ» ምንድን ነው?

ውኃ ላይ ለማረፍ ነው። ከታች በኩል ውኃ ሊያስገቡ የሚችሉትን የአየር ቫልቮች በአንድ ጊዜ ይዘጋል። በ2009 ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው ኤ320 ላይ ፓይለቶቹ ጊዜ ስላልነበራቸው ይህን አልተጫኑትም። 155ቱም ሰዎች ተርፈዋል።

737 ማክስ ላይ ከነዳጅ መዝጊያዎቹ አጠገብ ያሉት ሁለት ትንንሽ ስዊቾችስ? በረራ ላይ ማንም ሲነካቸው አላየሁም።

«ስታብ ትሪም ካትአውት» ይባላሉ። የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ ከሚያንቀሳቅሰው ሞተር ላይ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣሉ። በቀድሞው 737-800 ላይ አንዱ የፓይለቱን፣ ሌላው የአውቶፓይለቱን ትሪም (የዚያን ክንፍ ማስተካከያ) ለየብቻ ይቆርጥ ነበር። ማክስ ላይ ግን የትኛውንም ብትነካ ሁሉም ይቆረጣል። ያኔ የሚቀርህ ከጉልበትህ አጠገብ ያለው በእጅ የሚዞር የትሪም ጎማ ብቻ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ በተነሳው የኢትዮጵያ በረራ 302 ላይ አንድ ሲስተም አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች ሲገፋው ፓይለቶቹ በእነዚህ ስዊቾች ኤሌክትሪኩን ቆርጠዋል። ከዚያ ጎማውን በእጅ ለማዞር ሞከሩ፤ አልዞረላቸውም። በዚያ ፍጥነት አየሩ ጅራቱ ላይ የሚያሳድረው ጫና እጅግ ከባድ ነው። 157 ሰዎች ቢሾፍቱ አቅራቢያ አለቁ። ይህን ስዊች በተለማመድኩ ቁጥር ትዝ ይሉኛል። ሲሙሌተር ላይ ያንን ጎማ በማውስ በአንድ ጣት ታዞረዋለህ። እነሱ እጅ ላይ የነበረውን ክብደት ማውሱ አይነግርህም።