ሽማግሌው ሲመላለስ ቀኑ እንዳያልፍብሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ አንድ ካፌ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ። ማሽኑ ላይ ነበርኩ፣ ማኪያቶ የማወጣው እኔ ነኝ። የፈረምኩት ወረቀት የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገብቼ ማታ 1 ሰዓት እወጣለሁ። ፋሲካን ስንሠራ ውለን "የበዓሉ አይታሰብልንም?" ብዬ ጠየቅኩ። በማግስቱ "ከዛሬ ጀምሮ አንፈልግሽም" ተባልኩ። ይኸው ሰባት ሳምንት ሆነኝ። ባለቤቱ ከቤተሰቦቼ ጋር ቡና የሚጠራራ ጎረቤት ስለሆነ አባቴ "ሽማግሌ ይላክ እንጂ ክስ ነውር ነው" ይላል። ምን ላድርግ?
ከሄርማታ

መልስ፦ እህቴ፣ ሽማግሌ መላኩ ክፋት የለውም፤ እኔም ብሆን እልክ ነበር። ችግሩ ሽማግሌ ቀን አይቆጥርም፣ ሕጉ ግን ይቆጥራል። "ወደ ሥራዬ ልመለስ" ብለሽ ለመክሰስ ያለሽ ጊዜ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው። ሰባቱ ሳምንት ከዚያ ላይ ሄዷል። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያ ጥያቄ ስድስት ወር አለው። ስለዚህ አምና የሠራሽው ትርፍ ሰዓት፣ ቢያሳዝንም፣ በይርጋ (መክሰሻ ጊዜው አልፎበት) ታግዷል።

ሽማግሌዎቹ "እሺ እከፍላለሁ" ካስባሉት፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ ወረቀት ይውጣ። አሠሪው መብትሽን በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል፤ በአፍ ያለው አይቆጠርም። የሠራተኛ ጉዳይ ለሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማስገባትም ያቋርጠዋል።

ስለ ወረቀቱ አትጨነቂ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቃል ውልንም ይቀበላል። እንዲያውም የሥራውን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ሊሰጥሽ የሚገባው እሱ ነበር። "ሙከራ ላይ ነበረች" ቢል ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። መሥራትሽን የሚያስረዱልሽ አብረውሽ የነበሩት አስተናጋጆች ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት እየቆሙ የሚጠጡት የባጃጅ ልጆችም ናቸው፣ "ነገ ቀድመሽ ግቢ" የሚለው የስልክ መልእክትም ነው። መልእክቶቹን በንዴት እንዳታጠፊያቸው አደራ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ የሠራሽው ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ባለው ጊዜ ከሆነ የሰዓት ክፍያሽ በ1.5 ይባዛል። በበዓል ቀን የሠራሽበት መደበኛ ሰዓት ደግሞ እጥፍ ነው። የጠየቅሽው መብትሽን ነው ማለት ነው። ቅሬታ አቀረብሽ ብሎ ማባረር ደግሞ በሕጉ በግልጽ የተከለከለ ነው።

ፍርድ ቤት ወደ ሥራሽ ሊመልስሽ ይችላል። ከዚያ ሰውዬ ጋር ተመልሰሽ መሥራት ካልታየሽ (እኔንም አይታየኝም) ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ፦ የ180 ቀን ደመወዝ፣ በአገልግሎትሽ ልክ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያ፣ በዚያ ላይ የሥራ ስንብት ክፍያ። ስንብቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለም በገንዘብ ይታሰባል።

ሕጉ የፌዴራል ነው ብለሽ አዲስ አበባ እንዳትሄጂ። ክሱ የሚታየው እዚያው ጅማ፣ በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ክፍያ አትከፍዪም። የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ ካልቻልሽ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ይህ አዋጅ ለእኔም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፣ ጋሼ። እርስዎን የሚመለከተው የኦሮሚያ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ የፌዴራሉ ነበር። ቅሬታ ካለዎት መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤትዎ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ቅጂው ላይም የገባበትን ቀን ያስጽፉ።