ኤስፒኤፍ 100 ተቀብቼ ለምን ተቃጠልኩ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በበጋ ከቤተሰቤ ጋር ቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ነን። ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ እኔ አትክልት እኮተኩታለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ውሃ ዳር እንወርዳለን። ባለፈው በጋ «ከሁሉ የሚበልጠውን ልግዛ» ብዬ ኤስፒኤፍ 100 የሚል የፀሐይ መከላከያ ክሬም ገዛሁ። በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከቤት ስንወጣ እኔና ሁለቱ ልጆቼ እንቀባለን። ሆኖም የአንገቴ ጀርባና ትከሻዬ ተቃጥሎ ተላጠ። ፊቴ ላይም ማድያት ወጣ። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን? ክሬሙ ግን በረከት አለው፤ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ሆኖ ለሦስታችን ሦስት ወር በቅቶ አሁንም ተርፏል። ባለቤቴ ደግሞ «እኛ ጠይሞች ነን፣ ይሄ የነጮች ጣጣ ነው» ብሎ አይቀባም። ዘንድሮ የ4 ወር ሕፃንም አለችን። ምን ልግዛ? የተረፈውንስ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እኔም ስለ ፎርጅዱ ነበር ያሰብኩት። ሁለተኛ ሳነብ ግን «ክሬሙ በረከት አለው» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ነገሩ ያለው እዚያ ጋ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ጥቅሉ ላይ የተጻፈው የኤስፒኤፍ ቁጥር፣ ማለትም ክሬሙ ከሚያቃጥል ጨረር የሚከላከልበት መለኪያ፣ በላብራቶሪ ሲለካ፣ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ክሬም ተቀብቶ ነው። ይህን ወደ ቤት ስንመልሰው ለፊትና ለአንገት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለአንድ ክንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለሌላው ክንድ ሌላ አንድ ማለት ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በዋና ልብስ ላለ ዐዋቂ ደግሞ መላ ሰውነቱን ለመሸፈን 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ ያ ቲዩብ ለእርስዎ ብቻ፣ ለፊትና ለክንድ ብቻ፣ ሦስት ጊዜ ቢያስቀባ ነው። ለሦስት ሰው ሦስት ወር ከበቃ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የተቀባችሁት ሽታውን ነው።

አይፈሩ፣ ብቻዎን አይደሉም። አብዛኛው ሰው የሚቀባው ከሚገባው መጠን ሩቡን፣ ቢበዛ ግማሹን ነው። በዚያ መጠን ሲቀባ 100 የተባለው 100 አይሆንም፣ 50 የተባለውም 50 አይሆንም። ስለዚህ ክሬሙ እውነተኛም ሊሆን ይችላል። ፎርጅድ ቢሆንም ባይሆንም ግን በዚያ አቀባብ መቃጠልዎ አይቀርም ነበር።

ቁጥሩን ራሱን እንየው። በትክክል ከተቀባ፣ ቆዳን ከሚያቃጥሉት ጨረሮች ውስጥ ኤስፒኤፍ 15 ከመቶ 7 ያህሉን ያሳልፋል። 30 የሚለው 3፣ 50 የሚለው 2፣ 100 የሚለው 1 ያሳልፋል። ከ15 ወደ 30 መሄድ ትልቅ ለውጥ ነው። ከ50 ወደ 100 መሄድ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም። ቀኑን ሙሉ ውጭ ለሚውል ሰው እኔ የምመክረው 50 ነው፣ ከ30 ግን አይውረድ። ለ100 የሚከፍሉትን ትርፍ ገንዘብ ሁለተኛ ቲዩብ ይግዙበት። ትልልቅ ቁጥሮች ሌላም ችግር አለባቸው፤ ያዘናጋሉ። «100 ነው የተቀባሁት» ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥላ አይፈልግም፣ ደግሞም አይቀባም።

የእርስዎም ሁለተኛው ችግር ይኸው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የተቀቡት ክሬም ጥሩ ቢሆን እንኳ በየሁለት ሰዓቱ መታደስ ነበረበት። ፀሐይዋ መክረር የምትጀምረው ደግሞ 4 ሰዓት ግድም ነው። ልክ የሚያስፈልግበት ሰዓት ሲደርስ የእርስዎ ክሬም ሥራውን ጨርሷል። ከላብ፣ ከውሃና ከፎጣ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዓትም አይጠበቅም፤ ወዲያው መድገም ነው። ውሃ ይቋቋማል የሚሉትም ቢሆኑ ቃል የሚገቡት ለ40 ወይም ለ80 ደቂቃ ነው፤ ጥቅሉ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ ቀድመው ይቀቡ፣ ቲዩቡን ይዘውት ይውጡ። ቤት የቀረ ክሬም ለማንም አይበጅም።

ሰዓት ማየት ካስቸገረዎት ጥላዎን ይዩ። መሬት ላይ ያረፈው ጥላ ከቁመትዎ ካጠረ ፀሐይዋ ከባድ ነች። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። የአየር ትንበያ የሚከታተሉ ከሆነ ደግሞ የሚያቃጥለውን የፀሐይ ጨረር ጥንካሬ የሚነግር «ዩቪ ኢንዴክስ» የሚል ቁጥር አለ። 3 ከደረሰ መከላከል ይጀመራል፤ 8 ካለፈ እኩለ ቀን ላይ ውጭ ሥራ ባይኖርዎት ይሻላል።

ደመና አያታልልዎት። እኔን አታሎኛል። አንድ ዳመናማ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ውሃ ዳር ዋልን። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ባርኔጣዬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ራሰ በራ ነኝ። ማታ ትራስ ላይ ጭንቅላቴን ማሳረፍ አቃተኝ። በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት እየተላጥኩ ታካሚዎቼን «ፀሐይ ይጠንቀቁ» እል ነበር። ስስ ደመና ከአልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ያሳልፋል። ቆዳን የሚያቃጥለው ሙቀቱ ሳይሆን ይህ ዓይን የማያየው ጨረር ስለሆነ ብርድ እየተሰማዎትም ይቃጠላሉ። ከፍታ ቦታ ላይ ይብሳል፤ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ግማሽ እውነት አላቸው። ሜላኒን፣ ማለትም ቆዳችንን የሚያጠይመው ቀለም፣ ራሱ መከላከያ ነው። በጣም ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው እስከ ኤስፒኤፍ 13 ገደማ ይከላከላል ተብሎ ይገመታል፤ ነጭ ቆዳ 3 አካባቢ ነው። በፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም በጠቆረ ቆዳ ላይ በጣም ያነሰ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ውጭ ለሚውል ሰው 13 አይበቃም። ጠይምም ይቃጠላል። ቲማቲም ስለማይመስል ብቻ ሳይታወቅ ያልፋል። ቆዳው ይግላል፣ ይወጠራል፣ ሲነኩት ያማል፤ ከቀናት በኋላ ይጠቁራል ወይም ይላጣል። አንድ ነገር ደግሞ ይንገሩልኝ፦ ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር በጠቆረ ቆዳ ላይ ሲወጣ የሚወደው ቦታ የእግር መዳፍ፣ የእጅ መዳፍና ጥፍር ስር ነው። ይሄ ከፀሐይ ጋር ስለማይያያዝ ክሬም አያስቀረውም። አዲስ የወጣ፣ መልኩን የሚቀይር ወይም አልድን ያለ ጥቁር ነጠብጣብ እዚያ ቦታ ካዩ ሐኪም ይየው።

ለእኛ ዓይነት ቆዳ ትልቁ የፀሐይ ዕዳ ግን የእርስዎው ማድያት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ነው። ኤስፒኤፍ የሚለካው በዋናነት ዩቪቢ የሚባለውን፣ የሚያቃጥለውን ጨረር መከላከሉን ነው። ዩቪኤ የሚባል ሌላም አለ። ወደ ቆዳ ጠልቆ ይገባል፣ ያስረጃል፣ ያጠቁራል፣ በመስኮት መስታወትም ያልፋል። ስለዚህ ጥቅሉ ላይ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል ይፈልጉ። በአንዳንዶቹ ላይ ዩ፣ ቪ፣ ኤ የሚሉት የላቲን ፊደላት ክብ ውስጥ ገብተው ይገኛሉ፤ በሌሎቹ ላይ ፒኤ ተብሎ የመደመር ምልክቶች ይደረደሩለታል፣ ምልክቱ በበዛ ቁጥር የተሻለ ነው።

ለማድያት ይህም ብቻውን አይበቃም። በዓይን የሚታየው ተራ ብርሃንም ማድያትን ያባብሳል፣ በተለይ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ። ግልጽ የሆኑ ክሬሞች ይህን ብርሃን አያስቆሙም። የሚያስቆመው አይረን ኦክሳይድ የተባለ ቀለም የገባበት፣ ሲወጣ ቡናማ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ነው። ስለዚህ ለፊትዎ ከቆዳዎ ጋር የሚሄድ ባለቀለም ክሬም ይግዙ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው ቀለም አልባ ክሬሞች ጥሩ መከላከያ ናቸው፣ ለቁጡ ቆዳም ይስማማሉ፤ ግን እኛን አመድ የነካን ያስመስሉናል። ሰው አመዳም መስሎ መዋል ስለማይፈልግ ቀጭን አድርጎ ይቀባል፣ ቀጭን ደግሞ አይሠራም። ጥሩ ክሬም ማለት ደስ ብሎዎት በብዛት የሚቀቡት ነው። ማድያቱን ለማጥፋት ግን መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ ከየሱቁ የሚያነጣ ክሬም እየገዙ አይሞክሩ።

አቀባቡን ለመፈተሽ የተቃጠሉበትን ቦታ ማየት ይበቃል። የአንገት ጀርባና ትከሻ ሁልጊዜ የሚረሱ ቦታዎች ናቸው። የጆሮ ጫፍ፣ ፀጉር የተከፈለበት መስመር፣ ከንፈር፣ የእጅ ጀርባና የእግር ላይኛው ክፍልም እንዲሁ። አንዲት ታካሚዬ እግሯ ላይ የሰንደሏ ማሰሪያ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታትሞባት መጥታ ነበር። ሌላው ሰውነቷ ደህና ነው። የሚረጭ ዓይነት ከተጠቀሙ ቆዳው እስኪያብረቀርቅ ይርጩና በእጅዎ ይሹት፤ ለፊት ግን መጀመሪያ እጅዎ ላይ ነው፣ እንዳይተነፍሱት። የትንኝ መከላከያም ካለ ክሬሙ ይቀድማል፣ የትንኙ ከላይ።

ይህን ሁሉ ስለ ክሬም አወራሁ እንጂ፣ ገንዘብዎ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ቢሆን ባርኔጣ ይግዙ ነው የምልዎት። ዙሪያውን 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ያለው። ኬፕ ጆሮንና አንገትን ለፀሐይ ይሰጣል። ባርኔጣ አይሟሟም፣ በላብ አይታጠብም፣ በየሁለት ሰዓቱ አይታደስም። ለአትክልት ሥራ ኮሌታና ረዥም እጅጌ ያለው ሸሚዝ ይልበሱ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዩት፤ ብርሃን እንደ ወንፊት ካሳለፈ ጨረሩንም ያሳልፋል። ስስ ነጭ ቲሸርት፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ብዙ አይከላከልም። ለውሃ ዳር «ዩፒኤፍ 50» የሚል ልብስ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ከጨረሩ የሚያሳልፈው ከሃምሳ አንድ እጁን ብቻ ነው። የፀሐይ መነጽርም ሲገዙ መጥቆሩን ሳይሆን «ዩቪ 400» ማለቱን ይዩ። ጨረር የማይከላከል ጥቁር መነጽር የዓይን ብሌን እንዲሰፋ አድርጎ ይባስ ያስገባል።

«ለመሆኑ ክሬም ይሠራል?» ለሚሉ ባለቤትዎ አንድ ነገር ላክል። አውስትራሊያ ውስጥ ናምቡር በምትባል ከተማ፣ ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ከ1600 የሚበልጡ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዷል። በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት፣ እንደፈለጉ ከተተዉት ይልቅ አንደኛው የቆዳ ካንሰር ዓይነት በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶላቸዋል። ቆዳቸውም ዘግይቶ ነው ያረጀው። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጮች መሆናቸውን ግን አልደብቅም።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም ሐኪም ይጠይቁ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖች (ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) እና የብጉር ቅባቶች ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጉታል። እንደገና ከተቃጠሉ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማለስለሻ ቅባት፣ ብዙ ውሃ መጠጣት። ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀቡበት፣ ውሃ የቋጠረውንም አያፍርጡ። ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም መደናገር ከመጣ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ትንሿን ልጅዎን ክሬም አይቀቧት። እስከ 6 ወር ድረስ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ መከላከያዋ ጥላ፣ ረዥም ስስ ልብስና ባርኔጣ ነው። ጥላ ጨርሶ ከታጣ ብቻ ባልተሸፈነው ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በእጇ ጀርባ፣ ጥቂት ቢነካ ይቻላል። ጋሪዋን ግን በብርድ ልብስ አይሸፍኑት፤ አየር አጥቶ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ጡትም ቶሎ ቶሎ ይስጧት።

የተረፈው ቲዩብ? የሚያበቃበትን ቀን ይዩ። ቀኑ ካላለፈ፣ ሽታው ካልተለወጠ፣ ውሃውና ቅባቱ ካልተለያየ ይሠራል። በጋውን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከከረመ ግን ይጣሉት። ደህና ከሆነም ነገ ጠዋት ለእርስዎና ለልጆቹ በማንኪያ ለክተው ይቀቡት፤ እስከ ምሳ የሚተርፍ አይመስለኝም።