ልጅሽ ስኬቱን ከማሰሯ በፊት

እህቴ፣ ልጅሽ በቴሌቪዥን ያየችውን የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ቱሉ ዲምቱ አስፋልት ላይ በጎማ ስኬት እየሞከረች እንደሆነ ጽፈሻል። ቁርጭምጭሚቷንም ያማታል ብለሻል። «ምን ታሟሙቅ? ከምንስ ትጀምር?» ላልሽው፣ እዚህ አያት ኮንዶሚኒየም የሰፈር ልጆችን ስለማለማምድ የማውቀውን ልንገርሽ።

ማሟሟቂያው በስኒከር ነው የሚሠራው። በእኛ አካባቢ ጠዋት ይበርዳል፤ ልጆች ደግሞ ስኬቱን አስረው ለመብረር ይቸኩላሉ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ሶምሶማ ወይም ገመድ ዝላይ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ግድግዳ ይዞ እግርን ወደፊትና ወደኋላ፣ ከዚያም ወደ ጎን ማወዛወዝ። ጎንበስ ብሎ የእግር ጣትን ነክቶ መቆየት ለመጨረሻ ይሁን። ከዝላይ በፊት ጡንቻን ለረጅም ጊዜ ወጥሮ መያዝ ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ዋናው ግን በአንድ እግር መቆም ነው። በረዶ ላይ የሚዘሉት የሚያርፉት በአንድ እግር፣ ወደኋላ እየሄዱ፣ ከጫማቸው ሥር ባለው ብረት የውጭ ጠርዝ ላይ ነው። ብረቱ የውስጥና የውጭ ጠርዝ አለው፤ የቱ ላይ እንዳሉ የሚወስነው የሰውነት ማዘንበል ነው። በጎማ ስኬትም የሚያዞርሽ ይኸው ማዘንበል ስለሆነ፣ ልምምዷ ከንቱ አይቀርም። በስኒከር ጉልበቷን ትንሽ አጥፋ 30 ሰከንድ ትቁም። ሲቀላት ዓይኗን ጨፍና ትሞክር። ከዚያ ግማሽ ዙር ዘልላ በአንድ እግር ታርፍና ሦስት እስክትቆጥሪ ሳትወላገድ ትቆይ። ይህን ሳትችል በጎማ ባትዘል እመርጣለሁ። አክስል የሚባለውን ዝላይ እሞክራለሁ ካለችሽማ በፍጹም! ወደፊት እየሄዱ ስለሚነሱበት ከሌሎቹ ዝላዮች ግማሽ ዙር ይበልጣል።

ስኬቱን አስራ ስትንሸራተት ጉልበቷ ይታጠፍ፣ ዓይኗ መሬት ሳይሆን ፊት ለፊት ይይ፣ የምትገፋውም ወደ ጎን ይሁን። ስትወድቅ እጇን ዘርግታ መሬት እንዳትመክት አስተምሪያት፤ የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንደዚያ ነው። ዝቅ ብላ በጎን በኩል በመቀመጫዋ ትውደቅ። ሄልሜት፣ የጉልበትና የአንጓ መከላከያ የግድ ነው። የግንባታ አሸዋ አስፋልቱ ላይ ካለ መጀመሪያ ጥረጉት፤ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ኮብልስቶን ላይ አትሞክሩት።

የቁርጭምጭሚቷ ሕመም ብዙ ጊዜ ከጫማው ይመጣል። «ታድግበታለች» ተብሎ ሰፊ ተገዝቶ ከሆነ እግሯ ውስጡ ይወላገዳል። በልኳ ይሁን፤ ክሩ ጣቷ ጋ ላላ፣ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ጠበቅ ይበል። እንዲያም ሆኖ ካበጠባት ወይም በስኒከር ስትራመድም ካመማት ልምምዱን አቁማ ሐኪም ይያት።